የዶክተር በላይነሽ ቁጥቋጦ አይመነጠርም

ዶክተር በላይነሽ አርፈዋል። ላልሰማችሁ እንዲህ በደረቁ ስነግራችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እርሳቸው ነገር ማለሳለስ አይወዱም ነበር፣ እኔም አመሉን የወሰድኩት ከእርሳቸው ነው። ለረጅም ጊዜ ሲታመሙ ቆይተው ባለፈው እሑድ ጠዋት በቤታቸው አረፉ፤ በማግሥቱ የካ ሚካኤል ቀበርናቸው። በዩኒቨርሲቲ የአካባቢ አስተዳደርና ሥነ ምህዳር ያስተማሯችሁ፣ በየካ ጎረቤታቸው የነበራችሁ፣ በየስብሰባው የተቆጧችሁም ጭምር፣ ይህን የምጽፈው ለሁላችሁም ነው። የተቆጧችሁ እንደምትበዙ አውቃለሁ።

እኔ ሕይወት እባላለሁ። ተማሪያቸው ነበርኩ፤ ዛሬ በዚያው ትምህርት ክፍል ረዳት መምህርት ነኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት የጀመሩልን ክፍል ውስጥ አልነበረም። መገናኛ ሰብስበው በታክሲ ጭነውን፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ዳገት በእግር አስወጡን። እኛ ነጭ ስኒከር ያደረግን የከተማ ልጆች ምላሳችን ወጥቶ እየተጎተትን፣ እርሳቸው ዣንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ እያሳረፉ ከፊት ከፊት ይሄዱ ነበር። ከባሕር ዛፉ ሥር ወዳለው ተዳፋት ስንደርስ አረንጓዴውን ሁሉ አልፈው አንዲት የተራቆተች፣ ቀይ አፈሯ የተገለጠ ቦታ ላይ አቆሙን።

«እዚህ ጋ የነበሩትን ጽዶች የገደልኳቸው እኔ ነኝ» አሉን።

እርስ በርስ ተያየን። ታሪኩ እንዲህ ነው። ትምህርታቸውን ጨርሰው እንደመጡ እዚያ ተዳፋት ላይ የሐበሻ ጽድ ተከሉ። ዙሪያው ቀጋ፣ ክትክታና እምቧጮ ነበር። ችግኙ አየር እንዲያገኝ፣ ቦታውም ተከላውን ሊጎበኙ ለሚመጡ እንግዶች ጽዱ ሆኖ እንዲታይ ብለው ቁጥቋጦውን አስመነጠሩት። እንግዶቹ መጡ፣ አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሱና ሄዱ። በጋው ሲገባ ፀሐዩ፣ ውርጩና ከብቱ ተረዳድተው ችግኙን ጨረሱት። ከገደሉ ማዶ፣ ምንጠራው ሳይደርስበት በቀረው ቁጥቋጦ ውስጥ የነበሩት ጽዶች ግን በሰላም አደጉ።

«ቁጥቋጦው ጥላቸው ነበር፣ አጥራቸው ነበር፣ ሞግዚታቸው ነበር። እኔ ደግሞ ዲግሪዬን ይዤ መጥቼ መነጠርኩት!» አሉና ዣንጥላቸውን አፈሩ ላይ ተከሉት።

ዮናስ የሚባል የክፍላችን ቀልደኛ አላስቻለውም። «ታዲያ ዶክተር፣ ለምን መልሰው አይተክሉበትም? ያሳፍራል እኮ!»

«እንዲያሳፍረኝ ነዋ! ሌላው መምህር የተሳካለትን ያሳያችኋል። እኔ የወደቅኩበትን ነው የማሳያችሁ፤ እናንተ ቢያንስ ሌላ ቦታ እንድትወድቁ።»

ከዚያ ወዲያ የተከሉት ሁሉ ቁጥቋጦ ሥር ነው። ሜዳ ላይ ችግኝ አቁሞ ፎቶ መነሳት በእርሳቸው ዘንድ አይታሰብም። በክረምት ተንበርክከን፣ እጃችንን እሾሃሙ ቀጋ ውስጥ ሰድደን፣ ሥሩ ነበር የምንተክለው። ሲመሽ ደግሞ ተሰልፈን እጃችንን እናሳያለን። እጁ ያልተቧጨረ ተማሪ «አንተ የት ውለህ ነው? ተመለስ!» ተብሎ ወደ ተዳፋቱ ይላካል። የተቧጨረውን ከቦርሳቸው አልኮልና ፕላስተር አውጥተው ራሳቸው ያክሙታል፤ እያከሙም መቆጣታቸውን አይተዉም። ከሾላ ገበያ ይዘውት የመጡትን ዳቦ ቆርሰው የሚያጎርሱንም ያን ጊዜ ነው፣ እጃችን ጭቃ ስለሆነ። ከጀርባቸው «እማማ ቁጥቋጦ» እንላቸው ነበር። ያውቁ ነበር።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ስታትስቲክስ ወድቄ ትምህርቴን ልተው ብዬ ቤቴ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን በራችን ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ እርሳቸው ናቸው። እኔን ዘልለውኝ እናቴ አጠገብ ተቀመጡና «ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም፤ እልኸኛ ናት። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነው የምፈልገው» አሏት። እናቴ እስከ ዛሬ ያን ቃል ትደግመዋለች፣ ባናደድኳት ቁጥር። በማግሥቱ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ።

እንግዲህ እልኼን ያወጣሁበትን ቀን ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ በወሬ ሰምታችሁታል።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። ስማቸውንም መሥሪያ ቤታቸውንም የማልጠራው አንድ ከረባት ያሰሩ ሰው ተነሥተው የምሥራች አሉን። ከአርባቸው በኋላ ተዳፋቱ «የዶክተር በላይነሽ መናፈሻ» ሊሆን ነው። ሣር ይነጠፋል፣ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣል፣ ስማቸው በእብነ በረድ ተቀርጾ ይቆማል። ድንኳኑ «እሰይ! ይገባቸዋል!» አለ። የዶክተር ታላቅ እኅት እትዬ አስካለ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

እኔ ደሜ ፈላ። ዮናስ ቀሚሴን ይዞ «ሕይወት፣ በናትሽ፣ ለቅሶ ቤት ነው፣ ተቀመጪ» አለኝ። ተነሣሁ።

«ቁጥቋጦውስ ምን ይደረጋል?»

«እሱማ ይመነጠራል» አሉ ሰውየው በትሕትና። «ከሥር ያሉት ጽዶች አየር እንዲያገኙ።»

ይኸውላችሁ! ያቺኑ ቃል! ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሊያርሟት የደከሙባትን ስህተት፣ በስማቸው ልንደግማት ነው።

«ጌታዬ፣ ይህን ስህተት እርሳቸው ሠርተው፣ ወድቀውበት፣ ለኛ አሳይተውናል። ዛሬ የሚተከል ጽድ ሁሉ ያን ቁጥቋጦ ይፈልጋል። እኔ በሕይወት እያለሁ አንዲት ቀጋ አትመነጠርም!»

አንድ አባት «ልጄ፣ ክብር ነው እኮ የሚሰጧቸው» አሉኝ።

«ክብር ከሆነ እንደ ነበረ ይተዉላቸው!»

ሰውየው «እንግዲህ የቤተሰቡ ፈቃድ ነው» ብለው ተቀመጡ። እኔ እንባዬ መጣ፤ ከንዴትም ከኀዘንም ነው፣ አልደብቃችሁም። እትዬ አስካለ በእጃቸው ጠሩኝ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ።

«እስቲ እጅሽን አሳዪኝ» አሉኝ።

ዘረጋሁላቸው። የዘንድሮው ተከላ ጭረት ገና አልጠፋም ነበር። ጭረቱን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረው፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው «ቤተሰቡ ስሟን አልሰጠም» አሉ።

ነገሩ በዚህ እንዳላለቀ ግን እወቁ። «ያለ ስማቸውም ቢሆን ይሠራል» የሚሉ አሉ፤ ሰምተናል። ስለዚህ በአርባቸው ቀን ከቅዳሴ መልስ ዳገቱን እንወጣለን። የአበባ ጉንጉን አታምጡ። ችግኝ የምትተክሉበት እጅ ይዛችሁ ኑ። ገጀራ ይዞ የሚመጣ ካለ እዚያው ያገኘናል፤ ከመነጠረም እኛን አስነሥቶ ነው።

ዶክተር በላይነሽ፣ በሕይወት ሳሉ ፊት ለፊት ብዬዎት የማላውቀውን ዛሬ ልበልዎት፦ እማማ ቁጥቋጦ፣ አመሰግናለሁ። ቤታችን ድረስ መጥተው ስለፈለጉኝ አመሰግናለሁ። ሰው ለመምህሩ ሐውልት ይቆም ዘንድ ይሟገታል፤ እኔ ስምዎ በድንጋይ እንዳይጻፍ እሟገትልዎታለሁ። ያቺን የተራቆተች ቦታም አንሸፍናትም። አዲሶቹን ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት እዚያ አቆማቸውና ማን እንደወደቀባት እነግራቸዋለሁ፤ ይፍቀዱልኝ። ናፍቆትዎን መቻል ገና ካሁኑ አቅቶኛል። ግን ዛሬም ጠዋት ተዳፋቱ ላይ ነበርኩ፣ ከቀጋው ሥር። ደኅና ይረፉ። እጄን ይዩት፤ ተቧጭሯል።