የሁለቱ ወገኖች ምሳ

አክስቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ቢሆንም እኔ የምጽፈውን ዜና ከሆሳዕና ሰው ሁሉ አጥብቃ የምትመረምረው እሷ ነበረች። የምሠራው አዲስ አበባ፣ በእንግሊዝኛ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ነው። አውቶቡሱ ጋዜጣውን ከሦስት እስከ አምስት ቀን አዘግይቶ ሲያደርስ፣ እያነበበ ወደ አማርኛ የሚመልስላት ከቤቷ አንዷን ክፍል የተከራየ አስተማሪ ነበር። አስተማሪው ናይጄሪያዊ ነው። በአክስትና በእህቷ ልጅ መካከል አስተርጓሚው የሩቅ አገር ሰው ነበር ማለት ነው፤ ይህ ግን በቤታችን ማንንም አያስገርምም ነበር።

ከተማው ሁሉ «ቲቸር» ይለዋል። ለአፍሪካ ተማሪዎች በሚሰጠው የነጻ ትምህርት ዕድል አዲስ አበባ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰ። ሊመለስ ሲሰናዳ ጦርነት ተነሣ፤ የተወለደበት የምሥራቁ ክፍል ከማዕከላዊው መንግሥት ተገንጥያለሁ አለ፤ መንገዱም ተዘጋ። እዚህ ሥራ ሰጡትና ሆሳዕና ተመደበ። አማርኛውን የተማረው ዳምቦያ ተወልዳ በከምባትኛ ካደገችው አክስቴና ሀድይኛ ከሚናገሩት ተማሪዎቹ ስለነበር፣ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ለጉዳይ ሲሄድ አንድ ጸሐፊ ንግግሩን ሰምቶ «የከምባታ ሰው ነህ አይደል? አንጋጫ ነው ዱራሜ?» ይለዋል።

«ዳምቦያ» አለው ቲቸር፣ ፈጽሞ ሳያመነታ።

አክስቴ ይህን ወሬ ቤቷ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ትናገራለች። እንግዳው አንድ ጊዜ ሰምቶት ከሆነም ትደግምለታለች።

ስለ እናቱ ግን ብዙ አይወራም ነበር። ቲቸር በየወሩ ይጽፍላት ነበር፤ ደብዳቤዎቹ ግን «አገልግሎት የለም» የሚል ማኅተም ተመትቶባቸው ይመለሳሉ። ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። አክስቴ የተመለሱትን ፖስታዎች ተቀብላ የጸሎት መጽሐፏን በምታስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ ትከታቸዋለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «እናቱ ስትመጣ አንድ ላይ ታነባቸዋለች» አለችኝ።

የአህጉሩ መንግሥታት ማኅበር ያቋቋመው አስታራቂ ኮሚቴ ሁለቱን ወገኖች አዲስ አበባ ላይ ሊያነጋግር መሆኑ የተሰማው በክረምት ነው። እኔ ለዕረፍት ሆሳዕና ነበርኩ። ንግግሩን እንድከታተል ቶሎ እንድመለስ ቴሌግራም መጣልኝ። ልነሣ ስል አጎቴ፣ የአክስቴ ታላቅ ወንድም፣ ከዳምቦያ መጥቶ አገኘሁት። አጎቴ በአካባቢው የታወቀ ሽማግሌ ነበር። የድንበር፣ የጋብቻ፣ የደም ነገር ሲነሣ የሚጠሩት እሱን ነው። እሱ በሚያውቀው ሥርዓት አስታራቂ ጉዳዩ እስኪያልቅ ከሁለቱም ወገን ቤት እህል አይቀምስም፤ ነገሩ ሲያልቅ ደግሞ ሁለቱ ባለጉዳዮች በአንድ የእንሰት ቅጠል ላይ ከቀረበ ቆጮ አብረው ይቆርሳሉ። ከዚያ በፊት የተባለ ነገር ሁሉ ወሬ ነው።

«እነዚህ ሽማግሌዎች እነማን ናቸው?» አለኝ።

«የአገር መሪዎች ናቸው አጎቴ። ከየአገሩ የተመረጡ።»

«ምሳ የት ይበላሉ?»

«ሆቴል ይመስለኛል።»

«የሆቴሉ ባለቤት የአንደኛው ወገን ዘመድ አይደለም?»

ቲቸር ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አጎቴ አልሳቀም።

«ባለጉዳዮቹስ? በአንድ ገበታ ነው የሚቀመጡት?»

«እንጃ። ይኼ ለጋዜጣ የሚሆን ነገር አይደለም።»

«ለጋዜጣ የሚሆነው ምንድን ነው?»

«የተባለው ነገር ነዋ።»

«የተባለውማ» አለ አጎቴ፣ «ሰው በተጣላ ቁጥር ይባላል።»

አክስቴ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ። «የሚሉትን ተወው» አለችኝ። «አብረው ከበሉ ጻፍልን። ካልበሉም ጻፍልን።» እሺ አልኳት። ለአክስት እሺ እንደሚባለው ነበር እሺ ያልኩት።

አዲስ አበባ ላይ ያየሁት ይህን ነው። እኛ ጋዜጠኞች የምንቆመው ኮሪደር ላይ ነበር። በሩ ተዘግቶ ይውላል፤ ማታ ማታ አንድ ሰው በታይፕ የተመታ ወረቀት ያድለናል። እኔም ከወረቀቱ አልወጣሁም። «ንግግሩ በመግባባት መንፈስ መቀጠሉን መግለጫው አመለከተ»፤ «ለተራበው ሕዝብ የእርዳታ እህል የሚያልፍበት መንገድ ሊከፈት እንደሚችል ተስፋ መኖሩ ተገለጸ»። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ተናጋሪ ነበረው። ያልተባለ ነገር አንድም አልጻፍኩም፤ በዚህ ሥራ ውስጥ የምኮራበት ነገር ቢኖር እሱ ነበር።

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ግን ሌላም ነገር ነበረ። ምናልባት አጎቴን እያሰብኩ ሳይሆን አይቀርም፣ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ አጠገብ ቆሜ መኪኖቹ ወዴት እንደሚሄዱ እመዘግብ ነበር። የአንደኛው ወገን ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች። ሁልጊዜ። ግብዣ በተደረገ ዕለት አንደኞቹ ቀድመው መጥተው ወጡ፤ ሌሎቹ እነሱ ከወጡ በኋላ ገቡ። አንድ አስተናጋጅ «ሁለት ጊዜ ነው ገበታውን የዘረጋነው» አለኝ። ይህንንም ጻፍኩት፤ እዚያው ደብተሬ ላይ።

በሁለተኛው ሳምንት ዝግጅት ክፍል ሳለሁ ከሆሳዕና ስልክ አለህ ተባልኩ። አክስቴ ስልክ ቤት ድረስ ሄዳ መደወሏ በሕይወቷ የመጀመሪያው ነበር። መስመሩ ችግር ባይኖርበትም ዳምቦያ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ነበር የምትጮኸው።

«ቲቸር ሻንጣውን አሰረ!»

«ወዴት ሊሄድ?»

«ወደ እናቱ ነዋ! አንተ መንገድ ይከፈታል ብለህ ጽፈሃል። የሥራ መልቀቂያውን ለዳይሬክተሩ ሰጥቷል። የመመለሻ ቲኬቱን አውጥቶታል። ጎረቤት አገር ወርጄ ከእህል መኪኖቹ ጋር እገባለሁ ነው የሚለው። ማክሰኞ ይነሣል።»

ጭንቅላቴ ውስጥ የመጣው የድንበሩ ካርታ ነበር። የእህል መኪና የሚባል ነገር አልነበረም። አንደኛው ወገን እህሉ በየብስ ይግባ ይላል፣ ሌላው በአየር ካልሆነ መርዝ ይገባበታል ይላል፤ ይህን ሁላችንም ኮሪደሩ ላይ የምናውቀው ነበር። ድንበሩ ላይ አንድ የምሥራቅ ሰው ሻንጣ ይዞ ቢገኝ ምን እንደሚደርስበትም እናውቅ ነበር።

«አብረው በሉ?» አለች አክስቴ።

«አክስቴ፣ ይኼ እኮ በስልክ...»

«በሉ ወይስ አልበሉም?»

«አልበሉም።»

ስልክ ቤቱ ውስጥ ሰዎች ሲያወሩ ይሰማኛል።

«ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?»

ቲቸርን ራሷ እንድትነግረው ለመንኳት።

«እኔ ብነግረው እንዲቀርልኝ ብዬ የምዋሽ ይመስለዋል» አለች። «ደግሞም እንዲቀርልኝ እፈልጋለሁ። ስለዚህ እኔ መናገር አልችልም። አንተ ነህ የጻፍከው፣ አንተ መጥተህ ንገረው።»

ዋና አዘጋጁን የሁለት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። «በእንዲህ ያለ ሳምንት?» አለኝ። የቤተሰብ ጉዳይ ነው አልኩት። ፈቀደልኝ፤ ከሁለት ቀን አንድ ሰዓት ብታልፍ አትመለስ ብሎ። በአላባ በኩል ሄድኩ። ከአላባ በኋላ መንገዱ ጭቃ ስለነበር ተሳፋሪው አውቶቡሱን የገፋበት ጊዜ ከተቀመጠበት ጊዜ ይበልጣል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሆሳዕና ስገባ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበር።

ግቢው ሰው ሞልቶታል። አክስቴ ለመስቀል ያስቀመጠችውን ቅቤ ከፍታ ነበር። የአክስቴን ቅቤ የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ያ ቅቤ መስቀል ሳይደርስ ተከፍቶ አያውቅም። ቲቸር አዲስ ካናቴራ ለብሶ ከጎረቤት ጋር ይስቃል። ጥግ ላይ አጎቴ ከዘራውን ይዞ ተቀምጧል። ሻንጣው በር ላይ ነው።

«ጋዜጠኛው መጣ!» አለ ቲቸር። «ልትሸኘኝ?»

«ልነግርህ ነው የመጣሁት» አልኩት። ቁጭ ሳልል፣ ጭቃዬን ሳልጠርግ፣ መንገድ አልተከፈተም፣ የሚከፈትም አይመስለኝም አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። ከኪሱ የተቆረጠ ጋዜጣ አወጣ። የኔ ዜና ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበው፤ ልክ ለአክስቴ እንደሚያነብላት።

«የቱ ነው ውሸቱ?» አለኝ።

«አንዱም ውሸት የለውም።»

«እንግዲያው?»

«ያልጻፍኩት አለ።»

«ሬዲዮዎቹን ሁሉ ትቼ አንተን ነው ያመንኩት። የዚህ ቤት ልጅ ነህ ብዬ!»

አጎቴ ከዘራውን መሬት ላይ አንድ ጊዜ መታ። «ያልጻፈውን ያንብብ» አለ።

ደብተሬን አውጥቼ አነበብኩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መኪኖቹ የሄዱበትን አቅጣጫ። ስለ ግብዣው፣ ሁለት ጊዜ ስለተዘረጋው ገበታ። በእህሉ ጉዳይ በየብስና በአየር መካከል እንዳልተስማሙ። ደረቅ ነገር ነበር፤ አንድም ጊዜ «ይመስላል» የሚል ቃል አልነበረበትም። ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ግን ስለ ሰላም የጻፍኩትን ሁሉ እንደዚያ አዳምጦት አያውቅም። አንዲት ጎረቤት «ሁለት ጊዜ?» አለች፣ ስለ ገበታው። «ሁለት ጊዜ» አልኩ። ከንፈሯን መጠጠች።

ቲቸር ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። ቆየት ብሎ «እናቴ እኮ ያን እህል ከሚጠብቁት ውስጥ ናት» አለ። አጎቴ፣ ምክር የማያልቅበት ሰው፣ አልመከረም። ተነሥቶ ሄዶ ከጎኑ፣ የሻንጣው ሌላኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሻንጣው ካርቶን ስለነበረ ጎበጠ።

«አጎቴ፣ ሻንጣዬን ሰበርከው» አለ ቲቸር።

«ታዲያ በምን ልትሄድ ነው?» አለ አጎቴ።

ቲቸር መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ አለቀሰ። አክስቴ ማዕዱን አቀረበች። ቅቤው ተከፍቷልና ተበላ።

በማግሥቱ ጠዋት አብሬው ትምህርት ቤት ሄድኩ። ዳይሬክተሩ የጎንደር ሰው ነው፣ ቀልድ አያውቅም የሚባል ዓይነት። ቲቸር መልቀቂያውን ለማንሣት መምጣቱን ሲነግረው «የምን መልቀቂያ?» አለ። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ከመስተዋቱ ሥር ይታያል። «ክረምት ላይ የገባ ደብዳቤ መስከረም ነው የሚታየው። ያን ጊዜ ና» ብሎ ፋይሉን ማገላበጥ ቀጠለ።

እኔ በጊዜዬ ተመለስኩ። ንግግሩ ያለ ስምምነት ተበተነ። የመዝጊያውን ዜና ስጽፍ መጨረሻው ላይ «ይህ ዘጋቢ በተከታተላቸው ቀናት ሁለቱ ወገኖች በአንድ ገበታ ለምሳ አልተቀመጡም» የሚል አንድ መስመር አስገባሁ። አዘጋጁ በቀይ ሰረዘው። «ይኼ የማኅበራዊ ዓምድ ነው» አለኝ። አይቼ የመዘገብኩት ነው ብዬ ደብተሩን አሳየሁትና ተከራከርኩ። በመጨረሻ መለሰው፤ ከደከመው ይሁን ካመነበት አላውቅም። ከዚያ በኋላ በተከታተልኳቸው ድርድሮች ሁሉ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ቆሜአለሁ።

ጦርነቱ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ቆመ። ያቆመው ጉባኤ አልነበረም፤ አንደኛው ወገን እጁን ሰጠ። ፖስታ ሲከፈት ለቲቸር ከእህቱ ደብዳቤ መጣ። እናቱ በሕይወት አለች። ታናሽ ወንድሙ ግን፣ በዚያ ክረምት ለእህል ወደ ድንበር የሄደው፣ አልተመለሰም። አክስቴ ፎቶግራፉን እንኳ ላላየችው ልጅ ድንኳን አስተከለች። አጎቴ ከዳምቦያ ሰዎችን አስከትሎ መጣ። ሦስት ቀን ተቀመጡ።

ከዚያ ቲቸር ሄደ፤ በዚህ ጊዜ በደህና ሻንጣ። የተመለሱትን ፖስታዎች አክስቴ ከሣጥኗ አውጥታ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ይመስለኛል፣ በጋዜጣው አድራሻ ደብዳቤ ጻፈልኝ። አጭር ነበር። መንደሩ ተመልሶ ያስተምራል። «ከዚያኛው ወገን የሆነ አንድ አስተማሪ ወደ ትምህርት ቤታችን ተዛውሮ መጣ። በጦርነቱ ጊዜ ወታደር ነበር። ለወራት ሰላምታ ብቻ ነበር የምንለዋወጠው። ባለፈው እሑድ እናቴ ቤት ምሳ በላን፣ ከአንድ ሳህን። ለማማ ንገርልኝ» ይላል። አክስቴን «ማማ» ነበር የሚላት።

ሆሳዕና ሄጄ ለአክስቴ አነበብኩላት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ቁጭ ብላ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ምን በሉ?» አለችኝ።

ደብዳቤውን ገልብጬ አየሁ። «አልጻፈም» አልኳት።

«አንተ ነህ ያስተማርከው» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።