አያቴ ዓይናቸውን የደበቁን ዓመታት

አያቴ ቤት ውስጥ ሲቀመጡ እንግዳ ይመስሉ ነበር። የመደቡን ጫፍ ይዘው ይቀመጣሉ፣ የቀረበላቸውን ቶሎ ቀማምሰው ይነሳሉ፣ ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ውልቅ። የእሳቸው ቤት ከገበዝ ማርያም ወዲህ ወደ ብር ወንዝ የሚወርደው ቁልቁለት ነበር። ዋንዛው ላይ፣ ሾላው ላይ የሰቀሏቸው ቀፎዎች እዚያ ናቸው። ጊደር የጠፋበትም፣ ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያ የቸገረውም ሰው እሳቸውን ብሎ ይመጣል።

በጉብዝናቸው ጊዜ አዳኝ ነበሩ። አንድ ቀን ድኩላ ተኩሰው ሲደርሱባት ከአጠገቧ እግሩ ያልጠና ግልገል ቆሞ አገኙ። ግልገሉን ተሸክመው ቤት ገቡ፤ በላም ወተት አሳድገው ሲጎለምስ ወደ ጫካው መለሱት። ከዚያ ወዲህ አላደኑም፣ ወደ ንብ ዞሩ። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። እሳቸው ነገሩ ሲነሳ “የዱሮ ነው” ብለው ያልፉታል።

አባቴ የሞተው እኔ ጡት ሳልጥል ስለነበር እናቴ እኔን አዝላ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ስለዚህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ቀን ብር ሞልቶ ጠበቀን፤ መፈተኛው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። ወደ ላይ ብዙ አስኬዱኝና ውኃው ተዘርግቶ የሚፈስበት ቦታ ስንደርስ እጄን ያዙ። “እግርሽን አታንሺው፤ መሬቱን እየነካሽ ጎትቺው” አሉኝ። ውኃው እስከ ወገቤ ደረሰ። ተፈትኜ ስወጣ እርጥብ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከግቢው በር ቆመው ነበር። ስለ ፈተናው አልጠየቁኝም። “ብርድ አልያዘሽም?” ብቻ አሉ።

ቡሬ አስተማሪ ሆኜ ከተቀጠርኩ፣ አግብቼም ልጅ ከወለድኩ በኋላ አንድ የጥቅምት ጠዋት ሳልነግራቸው ልጠይቃቸው መጣሁ። የንብ ማጨሻቸውን ይዘው በቀጭኗ መንገድ ሽቅብ ሲመጡ አየኋቸው። ላስደንግጣቸው ብዬ ጥግ ይዤ ዝም አልኩ። ቀረቡ። ፊት ለፊት አዩኝ። ነጠላዬን ታክከው አለፉኝ።

ሦስት አራት እርምጃ እንደሄዱ ቆም አሉ። “የከተማ ሳሙና ይሸተኛል። ማን ነው?”

“እኔ ነኝ አባባ።”

“አንቺ ነሽ እንዴ እናቴ! ፀሐዩ ዓይኔ ላይ ወድቆ ነው እኮ።”

ፀሐይዋ ከኋላቸው ነበረች።

ዕለቱን ሁሉ ሲንቀሳቀሱ ተከታተልኳቸው። ከበራፉ እስከ ግራዋው፣ ከግራዋው እስከ ወንዙ ዳር በእርምጃ ይቆጥራሉ። ሰውን በድምፁ፣ ቀፎውን በመዳፋቸው ይለያሉ። ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኳቸው፤ አልካዱም። ሞራው ሁለቱንም ዓይናቸውን ሸፍኗል፣ ዓመታትም አልፈዋል። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የዓይን ሐኪሞች እየመጡ ሞራ እንደሚገፍፉ ነገርኳቸው። በልጅነታቸው ግን አንድ ዘመዳቸው ዓይኑን መንደር ውስጥ በመርፌ ተነክቶ ጭራሹን ሲታወር አይተዋል።

“ያለችኝን ጭላንጭል አታስወስዱብኝ” አሉ። “ለእናትሽም እንዳትነግሪ። ካወቀች ከቤት አታስወጣኝም። ከቤት ካልወጣሁ ደግሞ ሞቻለሁ።”

አልነገርኩም። ያሳደጉኝ ሰው ሲለምኑኝ እምቢ ማለት አቃተኝ።

በክረምቱ ለእረፍት አራት ዓመት የሆናትን ልጄን ይዤ መጣሁ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጉሬዛ አሳይሻለሁ ብለው ትከሻቸው ላይ አስቀምጠዋት ወረዱ። እኔ ከላይ ምንጩ ዘንድ ልብስ አጥባለሁ። ቀና ስል ከታች ይታዩኛል። ከትናንት ወዲያ የመጣው ጎርፍ የወንዙን ዳር ገምሶ ወስዶታል፤ ሁልጊዜ የሚሄዱባት መንገድ መሐሏ ላይ ተቆርጣለች። እሳቸው እየቆጠሩ ወደዚያ ይሄዳሉ።

ጮኽኩ። የወንዙ ድምፅ ዋጠው። ልብሱን ጥዬ ሮጥኩ፤ ግን እንደማልደርስ ገብቶኛል።

“አባባ! መሬቱ የለም!” አለች ልጄ፤ በኋላ እንደነገሩኝ።

አንድ እግራቸውን እንዳነሱ ደርቀው ቀሩ። ቀስ ብለው ወደ ኋላ መለሱትና ቁጭ አሉ፤ ልጅቷንም አውርደው እቅፍ አደረጓት። ስደርስ ፊታቸው አመድ መስሏል። ልቆጣ አልቻልኩም፤ አውቄ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

“ስንት እርምጃ ቀርቶኝ ነበር?”

“አንድ፣ አባባ።”

“ሐኪሞቹ መቼ ይመጣሉ ነበር ያልሽኝ?”

ለእናቴ ራሳቸው ነገሯት። እኔ አስቀድሜ ማወቄንም ነገርኳት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አላናገረችኝም። ተራቸው ደርሶ ሦስታችን ልጄን ይዘን በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ስንሄድ እንኳ “ውኃውን አቀብይኝ” የምትለው ልጄን ነበር።

ከቀዶ ጥገናው በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ፈታች። ጣቶቿን አንስታ “ስንት ናቸው አባቴ?” አለች። ጣቶቿን አላዩም። ወደ እኔ ዞረው አፈጠጡብኝ።

“አንቺ ልጅ! መቼ ነው የሸበትሽው?”

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ስትስቅ ስትስቅ መጨረሻ ትከሻዬ ላይ ተደገፈች። “ሁለታችሁም ልትገድሉኝ ነበር” አለችኝ። ልቤ ላይ ተቀምጦ የከረመው ነገር ያን ጊዜ ተነሳልኝ። እሳቸው ግን ፊቷን አይተውት የማያውቁትን ልጄን ጉንጯን በሁለት እጃቸው ይዘው ያዩዋታል። “እናቴን ቁርጥ!” አሉ። “ድምፅሽ ግን አላስታወቀብሽም።”

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖሩ። ቀፎዎቻቸውን አንድ በአንድ እያወረዱ አደሱ። እርጅና ሲበረታባቸው ዛፍ መውጣቱን ተዉና ከታች ቆመው ሌላ ሰው ያዛሉ፤ ይቆጣሉም። ልጄ በየክረምቱ እየመጣች ከእሳቸው ጋር ቁልቁለቱን ስትወርድ፣ የወፎቹን ስም ስትጠይቃቸው ትውላለች።

ዘንድሮ ኅዳር ውስጥ አንድ ጠዋት መምህራን ክፍል ተቀምጬ ሳለሁ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ደወለ። “አባባ አረፉ” አለኝ።

“የት?” አልኩት።

“እዚሁ ቤት። ቁርሳቸውን በልተው ፀሐይ ሊሞቁ ደጅ ተቀመጡ። ያሸለቡ መስሎን ነበር።”

“ተመስገን” አልኩ። አጠገቤ የነበሩት መምህራን ደንግጠው አዩኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ወንዝ ወሰዳቸው፣ ከገደል ወደቁ የሚል መርዶ ስፈራ ኖሬያለሁ። የመጣው መርዶ ይህ ሆነ። ዕንባዬ የመጣው ዘግይቶ፣ ገበዝ ማርያም ደርሼ የተሰበሰበውን ሰው ብዛት ሳይ ነው።

በቀብሩ ማግስት ልጄ ወንዝ እንውረድ አለች። እናቴ እምቢ ትላለች ስል ጫማዋን አደረገች። ሦስታችን ወረድን። የክረምቱ ውኃ ጎድሎ ድንጋዮቹ ወጥተዋል። ልጄ ከፊት ከፊት እየሄደች ዛፉ ላይ የምታየውን ወፍ ሁሉ ስሙን ትነግረናለች። ትክክል ትሁን አትሁን እናቴም እኔም አናውቅም፤ ብቻ እሺ እሺ እያልን ተከተልናት።