እግር የሚያርሰው ማኅተም

በሬ ሲያርስ ያየሁት በመኪና መስኮት ነው። ነጋዴ ቤት ተወልጄ ቦሌ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሞፈርና ማረሻ እንዴት እንደሚጋጠሙ ከየት ልወቅ? ይህ ግን የቀበሌያችንን ማኅተም ከመንደፍ አላዳነኝም። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ፤ የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ሥዕልም የምችል መሰላቸው።

ሊቀመንበራችን የቀድሞ የታክሲ ሹፌር ነበር። "የአገሪቱ ዓርማ ላይ ማረሻ አለ፤ የእኛም ላይ ይኑር" አለ። እንደ ምንም ሣልኩና አሳየሁት። ፊቱ ጠቆረ።

"ጓድ፣ ጫፉ ለምን ወደ ቀኝ ዞረ?"

"በሬዎቹ ወደዚያ የሚሄዱ መስሎኝ ነው።"

"ወደ ቀኝ የሚሄድ አድኃሪ ነው። ወደ ግራ አዙረው።"

በዚያ ዘመን ስለ ቀኝና ግራ የሚከራከር ሰው ነፍሱን የጠላ ብቻ ነበር። ሞፈሩን እንዳለ ትቼ የማረሻውን ጫፍ ብቻ ወደ ግራ አዞርኩት። ሊቀመንበሩ ደስ አለው። ማኅተሙ ተቀረጸ፤ ናሙናውም ለየመሥሪያ ቤቱ ተላከ።

ከገርጂ በታች ዛሬ ፎቅ የበቀለበት ሁሉ ያኔ የጤፍ ማሳ ነበር። እዚያ የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ፣ ዓይናቸውን ሞራ ለጋረዳቸው ሚስታቸው የነፃ ሕክምና ወረቀት ሊያጽፉ መጡ። ጽፌ ማኅተሙን መታሁበት። ሽማግሌው ወረቀቱን አስጠግተው አዩትና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"ልጄ፣ ይኼ ማረሻ ወደ ኋላ ነው የዞረው። በዚህ የሚያርስ ሰው የገዛ እግሩን ነው የሚያርሰው።"

ደሜ ፈላ። በእሳቸው ሳይሆን በራሴ ነበር የተናደድኩት። ወረቀቱን ቀደድኩና በእሳቸው መሪነት አዲስ ሣልኩ፤ በኪሴ ገንዘብ ሌላ ማኅተም አስቀረጽኩ። ከሦስት ቀን በኋላ የሚያርስ ማረሻ ያለበት ወረቀት ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ያን ቀን ኮርቼ ነው የዋልኩት።

በሳምንቱ ሽማግሌው ተመለሱ። ሚስታቸው የከዘራቸውን ጫፍ ይዘው ከኋላ ይከተሏቸዋል።

"ሆስፒታሎቹ ሐሰተኛ ማኅተም ነው ብለው መለሱን" አሉኝ። "መዝገብ አውጥተው አስተያዩት። እዚያ ያለው እግር የሚያርሰው ነው። ሐኪሙ ደግሞ ነገ ክፍለ ሀገር ይሄዳል አሉ።"

ሐሰተኛ ማኅተም ማስቀረጽ በዚያን ጊዜ ምን እንደሚያስከትል ጸሐፊ ስለነበርኩ ጠንቅቄ አውቅ ነበር። ይበልጥ ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው፤ የመጀመሪያውን ወረቀት ባልቀድድባቸው ኖሮ ሴትዮዋ ይሄኔ ታክመው ነበር። ትክክለኛውን ማኅተም ወስጄ መጸዳጃ ጉድጓድ ከተትኩት። ከዚያ መሳቢያዬን ከፍቼ የተሳሳተውን አወጣሁ፤ አዲስ ወረቀት ጽፌ መታሁበት።

ሽማግሌው ወረቀቱን አስጠግተው አዩት። አሁን አልሳቁም።

"ያው የድሮው ነው?"

"አዎ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱትና የከዘራውን ጫፍ መልሰው ለሚስታቸው አስያዙ።

"ግዴለም" አሉ። "የእሷ ዓይን ይብራ እንጂ፣ እግሬን ይረስ።"