ደለሉ የሸፈነው ድንበር

ሰፈሩ «ውሃ ቀጠነ» እያለ ነው የሚጠራት። ሱቅ የተመዘነላትን ስኳር እንደገና ታስመዝናለች፤ ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት ሁለት ፋርማሲ ጠይቃ ነው የምትውጠው። ባሏ በሕይወት ሳለ «አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ» እያለ ይስቅባት ነበር። እሱ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። የወንዙን ዳር ሁለት ሄክታር የሽንኩርት ማሳ ብቻዋን ታለማለች፤ አጠገቧ የባሏ ታናሽ ወንድም ያርሳል።

በዚያ ዓመት ወንዙ ሞልቶ ወጣና ሽንኩርቱን ጠራርጎ፣ በቦታው ጉልበት የሚደርስ ደለል ትቶ ሄደ። መንግሥት ለተጎዱ ገበሬዎች በሄክታር እየተሰላ ድጎማ እንደሚከፈል አስታወቀ። መሬቱን የሚለኩ ቀያሾች ሲመጡ እሷ ሆስፒታል ነበረች፤ በቀዶ ሕክምና የወለደች ልጇን ታስታምማለች። የባሏ ወንድም ደወለላት።

«አይዞሽ እትዬ፣ እኔ አለሁ አይደል? የአንቺንም የእኔንም አሳይቻቸዋለሁ።»

አመሰገነችው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ነገሩ ከነከናት። በአራት ዓመት ውስጥ ሳትለምነው ያደረገላት ነገር እንዳለ ለማስታወስ ሞከረች፤ አንድም አልመጣላትም።

የክፍያው ቀን የእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር በሰው ታጭቋል። ተራዋ ሲደርስ ጸሐፊው ቅጹን ገፋ አደረገላት።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ እናቴ።»

«መጀመሪያ አንብብልኝ።»

«ገንዘቡን መቀበልዎን ነው የሚለው።»

«እንግዲያው አጭር ነዋ! አንብበው።»

ከኋላዋ አንዱ «ዛሬ እዚሁ ማደራችን ነው!» ሲል ሰልፈኛው ሳቀ። ጸሐፊው በረጅሙ ተንፍሶ አነበበ። ስም፣ የጉዳት ዓይነት፤ ከዚያ «ይዞታዬ አንድ ሄክታር ተኩል መሆኑን አረጋግጣለሁ።»

ብዕሩ እጇ ላይ ቀረ። «ግማሽ ሄክታሩን ጎርፍ ወሰደው?»

«የገንዘቡ ልዩነት ትንሽ ነው። ይፈርሙና በኋላ ያመልክቱ።»

ስለ ገንዘቡ ማን ጠየቀው! አንዴ ከፈረመች ግማሽ ሄክታሯን በገዛ እጇ መስጠቷ ነው። ዞር ስትል የባሏ ወንድም በሩ ጋ ቆሟል፤ ፈርሞ ጨርሷል። ስታየው የያዘውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ያንተ መሬት ስንት ይላል?»

«እኔ እንጃ እትዬ። ቁጥር መቼ ይያዝልኛል!»

የጎረቤቱን በጎች ቁጥር ሳይቀር በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው ይህን ያለው። ሳትፈርም ወጣች፤ በዚያው ቀን አቤቱታ አስገባች።

በእሷ ምክንያት የቀሪው ሰው ክፍያ ታገደ ተባለ። ጎረቤቶቿ ሰላምታ ነፈጓት፤ ሰላም የሚሏትንም «ምን ፈልገው ነው?» እያለች ታይ ጀመር። አንዳንዴ ራሷንም ትጠራጠርና የይዞታ ደብተሯን አውጥታ ታነባለች፦ ሁለት ሄክታር፣ በምሥራቅ በኩል ድንበሩ የውሃ ፓምፑ።

በሦስተኛው ሳምንት ከቀያሾቹ አንዱ ተመልሶ መጣ። ማሳው ሜዳ ሆኗል፤ ፓምፑንም ጎርፍ ወስዶታል። የባሏ ወንድም ወደ አንድ ዛፍ ጠቆመ። «ድንበራችን ይኼ ነው።»

«ፓምፑ የቆመበት ሲሚንቶ ከዛፉ ወዲያ ነው» አለች።

«የታለ?» አላት ቀያሹ።

ዶማ አንስታ ቆፈረች። ምንም የለም። ሌላ ቦታ ቆፈረች፤ እዚያም የለም። «እትዬ፣ ወገብሽን ትጎጃለሽ» አላት የባሏ ወንድም፣ ድምፁን አለስልሶ። በሦስተኛው ጉድጓድ ዶማው ቋ አለ። ቀያሹ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን ሲጠርግ ሲሚንቶው ከነብሎኑ ብቅ አለ። ከዚያ ጀምሮ ሲለካ ሁለት ሄክታር ሞላ።

የባሏ ወንድም ፊቱ ደም መሰለ። «ጭቃው አሳስቶኝ ነው» አለ።

ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ግን ከዚያ ፓምፕ እሱ ራሱ ለስንት ዓመት ውሃ ሲቀዳ ኖሯል።

ድጎማው ሲደርሳት የመትከያው ጊዜ አልፎ ስለነበር ማሳዋን በከፊል ብቻ በሽንኩርት ሸፈነች፤ ድንበሩ ላይ ግን የብረት ችካል አስተከለች። የባሏ ወንድም በሚስቱ እጅ የሽንኩርት ችግኝ ላከላት። አመስግና ተቀብላ ተከለችው። መንገድ ላይ ሲገናኙ «እትዬ፣ ደህና ነሽ?» ይላታል። «ደህና ነኝ» ትለዋለች፤ ሁለቱም ሳይቆሙ ያልፋሉ።