የመምህርቷ ቀይ ሐር

ጂንካ ገበያ አንድ ነጋዴ የሐር ሻሽ ሲዘረጋ ቀስ ብሎ ኮሽ አለ። ቆምኩ።

ያን ድምፅ የማውቀው ከህንዳዊቷ የሒሳብ አስተማሪያችን ነው። በሥራ ቀን የጥጥ ወይም የናይለን ሳሪ፣ ያን ሰውነት ላይ የሚጠመጠም ረጅም የህንድ ልብስ፣ ትለብስ ነበር። ወርቃማ ጥለት ያለውን ቀይ የሐር ሳሪ የምታወጣው ግን ለወላጆች ቀን ብቻ ነበር። አንድ ዓመት አንደኛ የወጣችው እህቴ ብርቄ ከበዓሉ ስለቀረች፣ መምህርቷ ሽልማቷን ይዛ፣ ከነሐር ሳሪዋ ቤታችን መጣች።

ብርቄ በወባ ራሷን ስታ ነበር። ጎረቤቶች ወደ ሐኪም ቤት ሊወስዷት ቃሬዛውን ሲያነሱ ገመዱ ተበጠሰ። ዝናቡ መጥቷል። ወንዙ ሳይሞላ መሻገር አለብን።

"ገመድ ያለው የለም?" አለ አባቴ።

መምህርቷ ጓዳ ገብታ የእናቴን ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ሳሪውን ለአባቴ ሰጠችው።

"ኧረ ቲቸር፣ ይቀደዳል!"

"ሐር ነው። የእኔ ሠርግ ነው። እሰር!"

የሠርጓ ልብስ ነው ማለቷ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። አባቴ ግን ቃሬዛውን በሳሪው አጥብቆ አሰረው።

ወንዙ መሀል ውሃው የተሸካሚዎቹን ወገብ ያዘ። ሐሩ ሲወጠር ሲጥ ሲጥ ይላል። አሁን ይበጠሳል፣ አሁን ይበጠሳል እያልኩ ቋጠሮውን ብቻ አያለሁ። ማዶ ደርሰን ቃሬዛው ሲወርድ ቋጠሮው እንዳለ ነበር። የብርቄ ትንፋሽ ግን ቆሟል።

"ውሰድ ወንድሜ" አለኝ ነጋዴው፣ "እውነተኛ ሐር ነው፤ በቀላሉ አይበጠስም።"

"አውቃለሁ" አልኩት።