ሳይሞቱ የወረደ ሙሾ

ቆሰበር አካባቢ ለቅሶ ሲኖር ሙሾ የማወርደው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያሉት አያ ታከለ አስጠሩኝ። ሐኪሞቹ ተስፋ ስለቆረጡባቸው ቤታቸው እየተስታመሙ ነው። «ሙሾዬን ሳልሞት ልስማው» አይሉኝም! እያፈርኩ ጀመርኩ።

«ዳማ ፈረሴን አንሺልኝ እንጂ! ድምፅሽንም ከፍ አድርጊው!»

ከፍ ባደርገው፣ ጎረቤቱ «ሞቱ» ብሎ እየጮኸ ገባ። ከፊት ያሉት በዚያው ፈረስ ምክንያት ከአያ ታከለ ጋር ከተጣሉ ወዲህ ደጃቸውን ረግጠው የማያውቁት ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። እኔ ደንግጬ ማቆም አቅቶኝ ዳማውን አሞግሳለሁ። ወንድማቸው ይኼን ሲሰሙ ለቅሷቸውን አቋረጡ።

«ዳማውማ የእኔ ነበር!»

አያ ታከለ ከትራሳቸው ቀና አሉ። «እሺ፣ ያንተ ነው። ና አጠገቤ ተቀመጥ፤ እሷም ሙሾዋን ታስተካክል።»