የሎሬታ ደም

ዶን ካሲያኖ ቪልካ ኮቻባምባ ከተማ በሚገኘው ላቦራቶሪያችን የሁለት በጎች ጠባቂ ነበሩ። ከተራራው መንደር በወጣትነታቸው የወረዱ፣ ከሰው ይልቅ ከበግ ጋር ማውራት የሚቀናቸው ሰው ናቸው።

በጎቹ በየተራ ደም ይሰጣሉ። ደሙ ከተህዋስ ምግብ ጋር ተቀላቅሎ በትንንሽ ሳህኖች ይረጋል፤ ከሕመምተኞች ጉሮሮ የተወሰደው ናሙና በላዩ ይዘራል። ክፉው ተህዋስ ካለ መርዙ ደሙን ያሟሟውና ዙሪያው ጥርት ይላል። ከዚያ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይሞከራል። ሳህኖቹን የማጥበው እኔ ነኝ።

ዶን ካሲያኖ ከሁለቱ በጎች አብልጠው የሚወዱት ሎሬታን ነበር። ጠዋት ሲገቡ እኛን አልፈው፣ “እንዴት አደርሽ፣ እመቤቴ?” ይሏታል። ደም ስትሰጥ ራሷን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ያንጎራጉሩላታል። በእኛ አገር የበጎች በዓል በሆነው በቅዱስ ዮሐንስ ዕለትም፣ በአባታቸው ወግ ጆሮዋን በስተው ቀይና ቢጫ የሱፍ ክር አሰሩላት።

ከበዓሉ በኋላ ደም የመስጠቱ ተራ የሎሬታ ነበር። በዚያ ደም የተሠሩት ሳህኖች ላይ ምንም አልበቀለም። ምርመራውን የምትሠራው ዶክተር ኔሊዳ ለማመሳከሪያ የምናኖረውን፣ መብቀሉ የማይቀረውን ተህዋስ ዘራች፤ እሱም አልበቀለም። የሕመምተኞቹ ውጤት ታገደ።

“ቤኒታ፣ ሳሙናው በደንብ ለቋል?” አለችኝ።

“እጄ እስኪላጥ ነው የማለቀልቀው፣ ዶክተር!”

“አውቃለሁ። ግን የሳሙና ቅሪት ተህዋስ ይገድላል። አለቃችን ሌላ አጣቢ ይፈለግ እያሉ ነው።”

ግቢ ወጥቼ ለዶን ካሲያኖ ነገርኳቸው። የተቆላ በቆሎ እየቆረጠሙ ነበር፤ አቆሙ።

“ሳሙና አይደለም፣ ልጄ። ጆሮዋ መግል ይዞ ነበር። ደም ከመስጠቷ በፊት ፔኒሲሊን ወጋኋት።”

“ለማን ተናገሩ?”

“ለቅዱስ ዮሐንስ።”

“እሱማ ለዶክተሯ አልነገራትም!”

ደም ለምትሰጥ በግ ሳያስፈቅድ መድኃኒት የሰጠ ከሥራ ይባረራል። ያንን ያውቃሉ። ዝም ቢሉ የምባረረው እኔ ነበርኩ። ባርኔጣቸውን አደረጉ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ መልሰው አወለቁና ገቡ።

ዶክተሯ አልጮኸችም። በሌላዋ በግ ደም ሳህን አዘጋጅታ ተህዋሱን ዘራች፤ ከዚያው ከሎሬታ ደም በተለየ ውኃ መሰል ፈሳሽ የተነከረ ወረቀትም መሐሉ ላይ አስቀመጠች። በማግስቱ ተህዋሱ ሳህኑን ሞልቶት ነበር፤ በወረቀቱ ዙሪያ ብቻ፣ መድኃኒት ስናስቀምጥ እንደሚሆነው፣ ምንም አልበቀለም።

“ዶን ካሲያኖ፣ በግዎ ፋርማሲ ሆናለች።”

“ሒሳብ አታስከፍልም፣ ዶክተር።”

እኔ የሳቅኩት እንባዬን እየጠረግሁ ነው።

ሕመምተኞቹ ተጠርተው ናሙናቸው በሌላዋ በግ ደም እንደገና ተሠራ። አለቃችን ዶን ካሲያኖን አጥብቀው ገሠጿቸው፤ ግን “እውነቱን የሚነግረኝን ሰው አላባርርም” ብለው በሥራቸው አቆዩአቸው። እኔም ከማጠቢያዬ አልተነሣሁም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በዓሉ ሲመለስ ዶን ካሲያኖ ክሩን በእጃቸው ይዘው ዶክተሯ በር ላይ ቆሙ።

“አንገቷ ላይ ብቻ ላስርላት?”

“ክሩ መድኃኒት የለውም አይደል?”

“ቀለም ብቻ ነው፣ ዶክተር። ቤኒታ አጥባዋለች።”